ሦስት ደብዳቤ ስለ እናቱ

ተማሪዎቹ በሌለችበት «ወይዘሮ ማመልከቻ» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ነች። የወጣላትን ስም ታውቀዋለች። አንድ ቀን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችውን ቢሮዋን ስትቆልፍ ደረጃው ላይ የተቀመጡት «ወይዘሮ ማመልከቻ መጣች፣ ቀጥ በሉ» ሲባባሉ ሰምታ እንዳልሰማች አልፋለች። ደስ ሳይላትም አልቀረም። ሰው ስም የሚያወጣው ለሚፈራው ወይም ለሚወደው ነው፤ ለማይረባ ሰው ማን ጊዜውን ያጠፋል።

ሥራዋ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች አሥራ ሁለት ትመርጣለች። መስፈርቷ ሁለት ነው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው፣ ቤቱ ውስጥ የሌለው። እነዚህን ልጆች ይዛ ምርምር ማለት ምን እንደሆነ፣ ለማያውቁት ሰው ኢሜይል እንዴት እንደሚጻፍ፣ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ሲባሉ ከየት እንደሚጀምሩ ታስተምራቸዋለች። በዓመት ተኩል ውስጥ ለዶክትሬት ያመለክታሉ። የሀብታም ልጅ ይሄን ሁሉ ራት ላይ ከአጎቱ ሲሰማ ነው ያደገው። የድሃ ልጅ ማን ይነግረዋል? በመጀመሪያው ቀን «ለዶክትሬት ትዘጋጃላችሁ» ስትላቸው ሰው ተሳስታ የጠራች መስሏቸው ወደ በሩ የሚያዩ አሉ።

እሷም ያደገችው እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች ነው። በጊዜዋ ለዶክትሬት ስታመለክት ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ ተባለች። ሦስት ፕሮፌሰሮች ደጅ ጠናች። አንዱ ረሳ፣ አንዱ አገር ለቆ ሄደ፣ ሦስተኛው በሁለት መስመር «ተማሪዬ ነበረች» ብሎ ጻፈላት። በዚያው ቀረች። ይቺን ቢሮ ስትረከብ ታዲያ ለራሷ ማለች፤ በእኔ እጅ ያለፈ ልጅ በደብዳቤ እጦት አይቀርም ብላ። ፕሮፌሰሮቹ እንደሆነ ዛሬም ጊዜ የላቸውም። እሷ አርቅቃ ትወስድላቸዋለች፣ እነሱ አንብበውም ሳያነቡም ይፈርማሉ። የመምህሩን እሷ፣ የዲኑን እሷ፣ የራሷን እሷ። ሦስት ፊርማ፣ አንድ እጅ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የሠራችው።

ለመጻፍ ማወቅ ያስፈልጋልና የእያንዳንዱን ልጅ ቤት ሄዳ ታያለች። ጣሪያው የሚያፈስ መሆኑን፣ ስንት ሰው በአንድ ፍራሽ እንደሚያድር፣ እናትየው ምን እንደሚያማት፣ አንዱም አያመልጣትም። ከዚያ ተመልሳ ትጽፋለች። አንጀት የሚበላ ደብዳቤ መጻፍ የተካነችበት ነገር ነው፤ አንዳንዴ እየጻፈች ራሷ ታለቅሳለች። ያለቀሰችበት ደብዳቤ ሰውን ሁሉ የሚያስለቅስ ይመስላታል፤ በርግጥም ያስለቅሳል።

የዘንድሮው ተስፋዋ ወንፊት ነበር። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው፤ የውሃ ላብራቶሪ ውስጥ ዓመት ከአራት ወር ወንፊት ይዞ አሸዋ ሲነፋ ስለኖረ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያናግሩት መሬት መሬት የሚያይ፣ በትምህርቱ ግን እሳት የላሰ ልጅ ነው። አባት የለውም። እናቱ ጡብ ፋብሪካ ውስጥ ከምድጃው የወጣ ጡብ እየተሸከመች ትደረድራለች፤ በእሷ ትከሻ እሱና ሁለት ታናናሽ እህቶቹ አደጉ። ወይዘሮ ማመልከቻ ከአሥራ ሁለቱ ሁሉ አብልጣ ስለምትወደው ሰባት ቦታ እንዲያመለክት አደረገችው።

ስድስቱ እምቢ አሉ።

ሰኞ ጠዋት መጥቶ ስድስተኛውን መልስ በስልኩ አሳያት። ከበሩ አልገባም፤ እዚያው ቆመ።

«አንድ ቀርቷል፣ እትዬ። ደብዳቤዎቹ እስከ ዓርብ ነው የሚጠበቁት። እሱን ልተወውና ልግባ ወይ ብዬ ነው።»

«የት ነው የምትገባው?»

«የግንባታ ዕቃ መጋዘን። ሲሚንቶ ሲገባ ሲወጣ የሚመዘግብ ይፈልጋሉ። ለሚቀጥለው ሰኞ ቁርጡን ንገረን ብለውኛል።»

«አንተን የሚያህል ልጅ ሲሚንቶ ሲቆጥር ሊኖር ነው?»

«የሚቆጥረው ሰው ያስፈልገዋል» አለ፤ ትንሽ ፈገግ ብሎ። «እናቴ ደክሟታል። እሷ ሂድ ሂድ ትላለች፤ እኔ ግን የማይሆን ነገር ላይ ስንት ዓመት እጠብቃለሁ?»

እስከ ዓርብ ታገሰኝ ብላ ለምና ሸኘችው። ስድስት ቦታ። ምን ጎደለው? ውጤቱ አንደኛ ነው፣ ደብዳቤዎቹ እሷ የጻፈቻቸው ናቸው። ከስድስቱ በአንደኛው ትምህርት ቤት የቅበላ ኮሚቴ ውስጥ የድሮ የክፍል ጓደኛዋ አለች። እንዲህ ያለ ስልክ ደውላ አታውቅም፤ የኮሚቴ ነገር በኮሚቴ ይቀራል፣ መጠየቁም ነውር ነው። የዚያን ዕለት ግን ዓይኗን በጨው አጥባ ደወለች።

«ምን አጠፋ ልጄ?» አለቻት።

«እሱ ምንም አላጠፋም።»

«ታዲያ?»

«ትቀየሚኛለሽ» አለች ጓደኛዋ።

«አልቀየምም። ተናገሪ።»

«ሦስት ደብዳቤ ነበረው። ሦስቱም ስለ እናቱ ነው። ጡብ ትሸከማለች፣ ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች፣ ሳንባዋን ታማለች። ሁላችንም ከንፈራችንን መጠጥን። ከዚያ አንዱ ባልደረባችን ‹ለመሆኑ የምንቀበለው ልጁን ነው እናትየዋን?› አለ። ሳቅን፤ እግዜር ይቅር ይበለን። ልጁ ምን እንደሠራ ግን አንዱም ደብዳቤ አይናገርም። ‹ስለ ውሃ ማጣሪያ ያጠናል› ይላል። እሺ፣ አጥንቶ ምን አገኘ? የገዛ መምህሩ የሚለው ነገር ካጣ ሥራው ባዶ ነው ማለት ነው ብለን አለፍነው።»

ወይዘሮ ማመልከቻ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«ያንቺ ልጆች ሁሌም እንደዚህ ናቸው» አለች ጓደኛዋ፤ አሁን ከጀመረችው ላይቀር ብላ ይመስላል። «አምና ያቺ ቤታቸው የተቃጠለባት ልጅ ነበረች አይደል? ቃጠሎውን እስካሁን አልረሳሁትም። ምን ነበር የምታጠናው?»

አምና ያቺ ልጅ ስታጠና የነበረው የነፍሳት ክንፍ ነው። ወይም የአበባ ዱቄት። ወይዘሮ ማመልከቻ ልታስታውስ ሞከረችና እሷም አልመጣላትም። አመስግና ስልኩን ዘጋች።

ዘጠኝ ዓመት፣ በየዓመቱ አሥራ ሁለት ልጅ። የገቡት አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ ስለቀሩት ስትጠየቅ «ድሃን ማን ይወዳል» እያለች ነበር የምታልፈው። አሁን ማህደሩን ከመሳቢያ አውጥታ፣ ቀይ ብዕር ይዛ የወንፊትን ሦስት ደብዳቤ እያነበበች ስለ ሥራው የሚናገረውን ታሰምርበት ጀመር። በመምህሩ በፕሮፌሰሩ ስም የጻፈችው ሃምሳ ሁለት መስመር ነው፤ ቀዩ ያረፈው ሦስቱ ላይ ነው። የዲኑ አንድ። የራሷ ምንም። የልጁ ጫማ ሶሉ መቀደዱን ጽፋለች። ሰው እንዴት የሚወደውን ልጅ ጫማ አይቶ እጁ ላይ ያለውን አያይም? አፈረች፤ ብቻዋን በተቀመጠችበት ፊቷ ጋለ።

ከሁሉ የባሰው ግን በሦስቱም ላይ የተደገመ አንድ አረፍተ ነገር ነበር። እሱን ስታነብ ዓይኗን አሸሸች።

አምና ቤታቸው በሄደች ዕለት ልጁ እንግዳ መጣ ብሎ ለስላሳ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። እናትየዋ ከሚገባው በላይ ስታከብራት «ኧረ አንቺ በይኝ፣ እኩያሽ እኮ ነኝ» አለቻት። ወሬያቸው ያዘ። አንዲት ቃል ደግ ከሆነች ሰው የከረመበትን ያወጣል፤ ሴትዮዋ መሐረቧን ገልጣ አሳየቻት፣ ደም ነበረበት። «ሐኪሙ ሳንባሽ በአቧራ አልቋል ብሎኛል። ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው አለኝ። ለአንቺ የነገርኩሽ ብቻዬን መያዙ ስለከበደኝ ነው። ልጄ ይሄን ከሰማ አንድ እርምጃ ከዚህ አይሄድም።» ወይዘሮ ማመልከቻ እጇን ይዛ «ሆድ ይፍጀው» አለቻት። እውነቷን ነበር። ከዚያ ቢሮዋ ተመልሳ ጻፈችው። የድጋፍ ደብዳቤ ታሽጎ የሚሄድ ነው፣ ተማሪው አያየውም፤ ስለዚህ ቃሌን አላጠፍኩም ብላ ራሷን አሳመነች። የተማረ ሰው ራሱን ለማሳመን ብዙ አይቸገርም።

ማክሰኞ ከሰዓት ማህደሩን በብብቷ ይዛ ላብራቶሪ ሄደች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ወደዚያ ሕንፃ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ወንፊት ጥግ ላይ የመስታወት ቱቦዎቹን እያጠበ ነበር፤ ሊያስረክብ ነው።

«እስቲ ምን እንዳገኘህ ንገረኝ» አለችው።

ልጁ ግራ ገባው። «ለምን?»

«እንዲሁ። አላውቅም እኮ።»

እጁን አደራርቆ ሁለት ብልቃጥ አመጣ። አንዱ ውስጥ የወንዝ አሸዋ፣ አንዱ ውስጥ የተሰባበረ ጡብ። ወንበር ስቦላት እሱ ቆመ።

«መጽሐፉ ማጣሪያ የሚደፈነው የአሸዋው ፍሬ ሲደቅ ነው ይላል። እኔ መጠናቸውን በወንፊት እኩል አደረግኋቸው። አንድ መጠን፣ አንድ ውሃ። የወንዙ በአርባ ቀን ተደፈነ፤ የጡቡ መቶ አሥር ቀን ሄደ። ተሳስቼ ነው ብዬ ደገምኩት። አሁንም ያው። ማዕዘኑ ነው፣ እትዬ። የወንዝ አሸዋ ሲንከባለል ኖሮ ክብ ሆኗል፣ ክብ ነገር ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ጡቡ ግን ሹል ነው፣ እርስ በርሱ አይገጥምም፣ መሐሉ ቦታ ይቀራል። ቆሻሻው እዚያ ሲገባ ውሃው ሌላ መንገድ አያጣም። አራት መቶ ሰባ ጊዜ ለክቻለሁ።»

መሬት አላየም። እጁ ይናገራል፣ ዓይኑ ይናገራል፤ ይሄን ልጅ አይታው አታውቅም። እሷም ወረቀት አውጥታ ትጽፍ ጀመር፤ ያልገባትን ትጠይቃለች፣ እሱ በትዕግሥት ይደግምላታል።

«ጡብ የመረጥከው በእናትህ ሥራ ምክንያት መስሎኝ ነበር።»

«አይ። መጀመሪያ ጠጠር ነበር የሞከርኩት፤ እንደ ጡብ አልሰበር አለኝ።»

ደብዳቤው ላይ ግን «የእናቱን ላብ ወደ ንጹህ ውሃ ለመለወጥ» ብላ ጽፋለች። ይሄን የመሰለ ልጅ ፊት ተቀምጣ መዋሸት አቃታት።

«ስድስቱን ቦታ ያሳጣሁህ እኔ ነኝ» አለችው። ነገረችው፤ ደብዳቤዎቹን ሁሉ እሷ እንደምትጽፍ፣ ስልኩን፣ የኮሚቴውን ሳቅ እንኳ ሳትደብቅ። ልጁ ቆሞ ሰማት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ልየው?» አለና እጁን ዘረጋ።

ማህደሩን ሰጠችው። ማፈር ሰውን ያጃጅላል፤ እጇ ሲዘረጋ ሐሳቧ ገና ይቅርታው ላይ ነበር። እሱ ማንበብ ጀመረ፤ ስለ ጫማው የተጻፈው ላይ ሲደርስ በአፍንጫው ሳቅ አለ። ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠ፤ ከንፈሩ ብቻ እየተንቀሳቀሰ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ሲያነብ አየችው። ያኔ ነው ትዝ ያላት።

«እትዬ» አለ። «ሐኪሙ ሦስት ዓመት የሚለውን እርስዎ ነዎት የጨመሩት?»

አንድ ቃል ይበቃት ነበር። «አዎ፣ አንጀት ይብላ ብዬ ነው» ብትል ልጁ ይቀየማት ነበር፤ ቢሆንም ይሄድ ነበር። ግን አሁን ገና አልዋሽም ብላ የልቧን ተናግራ፣ አንደበቷ እንዴት ይመለስ? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እሷ ግን እያወቀችው ነው ያመለጣት።

«እንዳልነግርህ ቃል ገብቼላት ነበር» አለች።

ልጁ ደብዳቤዎቹን አስተካክሎ ማህደሩ ውስጥ መለሳቸው። የቀረችውን አንዲት ቱቦ አጠበ፣ አደረቀ፣ ቦታዋ አስቀመጠ። «ደህና ዋሉ» ብሏት ወጣ።

እሷ እንግዲህ ምን ታድርግ? ሥራዋን ሠራች። ረቡዕ ጠዋት ፕሮፌሰሩ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አርቅቀሽ አምጪው፣ እፈርማለሁ» አለ እንደ ልማዱ።

«ዛሬ እርስዎ ራስዎ ይጻፉት። ልጁ ምን እንዳገኘ ያውቃሉ?»

ፕሮፌሰሩ ራሱን አከከ። «ስለ ማዕዘን የሆነ ነገር አሳይቶኝ ነበር» አለ። ማስታወሻዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። አንብቦ ሲጨርስ በእጁ የያዘውን ቦርሳ አስቀመጠና ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ጻፈ። ዲኑን ተወችው፤ በእሱ ፈንታ ልጁን ዓመት ሙሉ ሲሠራ ያየው የላብራቶሪው ቴክኒሺያን ጻፈ። የራሷን ሐሙስ ላከች። እናት የሚል ቃል የለበትም።

በሰኞው ወንፊት መጋዘኑ ገባ። በአምስተኛው ሳምንት ሰባተኛው ትምህርት ቤት መለሰ፤ ተቀብለንሃል፣ ሙሉ ወጪህን እንሸፍናለን፣ በአሥር ቀን ውስጥ አሳውቀን። ወይዘሮ ማመልከቻ ይሄን ስታነብ ተነስታ በሩን ዘጋችና አለቀሰች። ከዚያ ታክሲ ይዛ መጋዘኑ ሄደች።

በአንዲት ትንሽ መስኮት በኩል የጭነት መኪና ሰነድ እያገላበጠ አገኘችው። ፊቱና ቅንድቡ ላይ ሲሚንቶ ነበር።

«አይቼዋለሁ፣ እትዬ» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ። አልሄድም።»

«እሷ እንድትሄድ ነው የምትፈልገው።»

«አውቃለሁ። ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር፤ ፋብሪካውንም አስትቻታለሁ። እህቶቼ ገና ልጆች ናቸው፣ ማን ያስታምማት?» ሰነዱ ላይ ፈረመና ለሾፌሩ በመስኮቱ አቀበለ። «ትምህርቱ አምስት ዓመት ነው። ደብዳቤዎ ላይ ሦስት ነው የሚለው፤ እሱም አምና ነው።»

መኪናው ጥሩምባ ነፋ። ከኋላው ሌላ ቆሟል። ወንፊት ይቅርታ ጠይቆ የቀጣዩን ሰነድ በመስኮቱ ተቀበለ።

በዘጠነኛው ቀን እናትየዋ ቢሮ መጣች። ወይዘሮ ማመልከቻ ደረጃው ላይ ሳሏን ሰምታ ነው ተነስታ በሩን የከፈተችው። ከስታለች። ወንበር ስትስብላት ጫፉ ላይ ተቀመጠችና እስክትተነፍስ ቆየች።

«ልቆጣዎት አልመጣሁም» አለች። «አንቺ» ቀርቶ «እርስዎ» ሆነዋል እንግዲህ፤ ወይዘሮ ማመልከቻ ልታርማት አፏን ከፈተችና ተወችው። «ምን መብት አለኝ፣ የነገርኩዎት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ልለምንዎት ነው።»

«የፈለግሽውን።»

«ልጄ የእኔን ቃል አያምንም። ተሽሎኛል ብለው መሐረቤን ይፈትሻል። ወረቀት ግን ያምናል፤ ወረቀት ያየ ልጅ ነው። ከሌላ ሐኪም የመጣ የሚመስል ጻፉልኝ። ታይታለች፣ ተሳስተን ነበር፣ ሳንባዋ ደህና ነው የሚል። ነገ ቀኑ ያልቃል አሉ።»

የዘጠኝ ዓመት ማህደር ከወይዘሮ ማመልከቻ ኋላ መደርደሪያው ላይ ተደርድሯል። መጻፉን ትችላለች፤ እንደ ሐኪም፣ እንደ ዲን፣ እንደ ማንም ትጽፋለች። ልጁ ቢያምን ነገ መልሱን ይልካል፣ በሁለት ወር ይሄዳል፣ ይቺ ሴት አንድ ማለዳ ብቻዋን ትሞታለች፣ እሱም በስልክ ይሰማል። ባትጽፍ ደግሞ ይሄው፣ ሲሚንቶ ሲቆጥር ይቀራል። የትኛው እንደሚሻል አላወቀችም። የምታውቀው ከዚህ ልጅ ጀርባ ዳግም እንደማትጽፍ ነው።

«አልችልም» አለች። «እንደገና ልዋሸው አልችልም።»

ስትናገረው እንኳ ርካሽ ሆኖ ተሰማት።

እናትየዋ አልተከራከረችም። ነጠላዋን አስተካከለች፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ተነሳች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ሳሉ ያዛትና ግድግዳውን ተደግፋ እስኪያልፍላት ጠበቀች።

«ያኔ ሳልለምንዎት ጻፉ» አለች፤ በቁጣ አይደለም፣ የገረማት ሰው እንደሚናገረው ነው። «አሁን ብለምንዎት እምቢ አሉኝ።»

ከዚያ ደረጃውን አንድ በአንድ እያረፈች ወረደች።